ሁለት ጠርሙስ የትኩሳት ሽሮፕ

ሰኔ 23

ትምህርት ቤት ተዘጋ። ልጆቹን ከበሩ ላይ ተቀበልኳቸው። ትንሹ፣ ሁላችንም ጩጬ የምንለው፣ የሠራውን የካርቶን አውሮፕላን መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ጣለው፤ ሁለቴም አለቀሰ። አምስት ዓመቱ ነው፣ ለቅሶ አያልቅበትም። ትልቋ እህቱ ከባድ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከኋላ ከኋላ።

«ላግዝሽ?»

«አይ፣ አይቸገሩ።»

አይቸገሩ! የዐሥር ዓመት ልጅ! አባቷን ካገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ዛሬም አንቱ ነኝ። ሟች እናቷን እንዲህ አትላትም ነበር መቼም። እሱ «ጨዋ ስለሆነች ነው» ይለኛል። ይሁን... ግን ጨዋነቷ ያስጨንቀኛል። ሲርባት አትጠይቅም። ሲያማት አትናገርም። ቤቷ ውስጥ እንግዳ የሆነች ትመስላለች። ወይስ እንግዳዋ እኔ ነኝ?

ራት ላይ የባሰው መጣ። የባሌ ዕረፍት ተሰረዘ። ኃይል ማመንጫው ጥገና ገብቷል፣ ቴክኒሻን የሚባል በሙሉ እንዲቆይ ታዟል። ስለዚህ ልጆቹን ሐይቅ ዳር እናቱ ቤት ይዤ የምሄደው እኔ ብቻዬን።

«እናቴ አለች እኮ። ምን ትሆኛለሽ?»

እኔማ ምን እሆናለሁ። እነሱ ቢሆኑስ? በእኔ እጅ...

ሰኔ 24

መነጽር ቤት ዋልኩ። ዓይን የምትለካው ባልደረባዬ ስለ ጉዞው ስነግራት ሳቀች። «አንቺ ደፋር ነሽ ባክሽ! የሰው ልጅ ይዘሽ ውሃ ዳር? የራስሽ ልጅ ሲወድቅ ‹ወደቀ› ነው የሚባለው። የእንጀራ እናት እጅ ላይ ሲሆን ‹ማን ገፋው?› ነው።»

ለቀልድ ነው ያለችው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ለአንድ ሽማግሌ የግራውን መስታወት በቀኝ ገጠምኩላቸው። «ልጄ፣ ደረጃው ወደ እኔ መጣ እኮ» እያሉ ተመለሱ።

ቀኑን ሙሉ ያቺ ንግግር አልወጣችልኝም። ማን ገፋው...

ሰኔ 26

ከሥራ ስወጣ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ደንበኛችን ናት፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትፈልግ ሴትዮ። የመጀመሪያ ርዳታ ዕቃ እፈልጋለሁ አልኳት።

«ለስንት ሰው?»

«ለሁለት ልጆች።»

«ሐኪም ቤት ይቀርባል?»

«ይርቃል። ሐይቁን መዞር ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ መደርደር ጀመረች። ፋሻ። ጎዝ፣ የቁስል መሸፈኛ። ፕላስተር፣ ትልቅም ትንሽም። ጓንት። ለእሾህ ወረንጦ። ጫፉ ድፍን የሆነ መቀስ። የሙቀት መለኪያ። ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት። ለነፍሳት ንክሻ ቅባት። ለፀሐይም ቅባት። ለትኩሳት የልጆች ሽሮፕ፣ ከነመለኪያ ማንኪያው። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ስታወጣ የሚመጣው አደጋ በዓይኔ ይታየኛል። ፋሻ ስታወጣ ደም። ዱቄቱን ስታወጣ ጩጬ ዓይኑ ሰርጎድ ብሎ...

«ሽሮፑን ሁለት አድርጊልኝ» አልኳት።

«አንዱ ከበቂ በላይ ነው።»

«ቢሰበርስ? ሁለት ይሁን።»

«ሰፈሩን በሙሉ ልታክሚ ነው እንዴ?» ሰጠችኝ ግን። ስልክ ቁጥሯን ከረጢቱ ላይ ጻፈችልኝ። «ግራ ከገባሽ ደውዪ። መድኃኒቱን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪ፣ ቢቻል የሚቆለፍ። የልጅ መድኃኒት ጣፋጭ ነው፣ አትርሺ።»

ሰኔ 27

አሸግኩ። የመነጽር ፍሬም የሚመጣበት የፕላስቲክ ሳጥን ከሥራ አምጥቻለሁ፣ ክፍልፋይ አለው፣ ይመቻል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ስደረድር ትልቋ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ግቢ አላልኳት። እሷም አልገባች። ቆይታ ግን...

«ያ ለምንድን ነው?»

ወረንጦው ነው። ነገርኳት። መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። አንዱን እያነሳች ትጠይቃለች፣ እመልሳለሁ። ቁስል ከመንካትሽ በፊት እጅሽን ታጠቢ። ደም ቢበዛ ጨርቅ አድርገሽ ተጫኚው፣ አትልቀቂው። የሽሮፑን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፣ ስንት ኪሎ ላለው ልጅ ስንት እንደሚሰጥ። ክዳኑን ተጭኖ ማዞርን አንዴ ባሳያት ቻለችው። ከተጋባን ወዲህ ይህን ያህል አውርተን አናውቅም። ደስ አለኝ።

ከዚያ ድንገት፦ «እናቴ ስትታመም እንደዚህ ዓይነት ሳጥን አልነበረንም።»

ምን ይባላል? የእናቷ በሽታ በፋሻ የሚመለስ አልነበረም። ይህን ለልጅ እንዴት ይነግሩታል? ፕላስተሮቹን በየመጠናቸው ለየችና ተነስታ ሄደች።

ሰኔ 29

ደረስን። ጩጬ አውቶቡስ ውስጥ ሁለቴ አስታወከ። ሐይቁ ከሩቅ ሲታይ ልጆቹ ጮኹ። እኔ ግን የታየኝ ስፋቱ ነው። በሩ ላይ ቆመህ ድንጋይ ብትወረውር ውሃው ውስጥ ይገባል። አጥር የለ፣ ምን የለ።

አማቴ ሳጥኑን አይተው ሳቁ። «እኔ አራት ልጅ እዚሁ አሳድጌያለሁ፣ በአንድ ጠርሙስ አልኮልና በጩኸት።» የሚቆለፍ ቁም ሣጥን የላቸውም። ባለው ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቀልኩት።

ሐምሌ 1

ጩጬን እሾህ ወጋው። በወረንጦ አወጣሁ። ፕላስተሩን እንደ ሜዳልያ ለመንደሩ ሁሉ ሲያሳይ ዋለ።

ትልቋ ውሃ ውስጥ ገባች። ዳር ላይ ቆሜ ጭንቅላቷን ስቆጥር... አንድ ጭንቅላት ነው፣ ምን ይቆጠራል? ግን በጠለቀች ቁጥር ትንፋሼን አብሬ እይዛለሁ።

ሐምሌ 3

ጩጬ ወደ ማታ ተኮሰ። ብዙም አይደለም። ከሽሮፑ ሰጠሁት፣ ወረደለት። ግንባሩን ስነካካ ማደሬ ነው።

ሐምሌ 4

ደህና ነው። ደህና መሆኑ ራሱ ያስፈራኛል። ምን እየጠበቅሁ ነው?

ሐምሌ 6

ሆስፒታል ነኝ። ትናንት የሆነውን ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ያፍነኛል።

ከምሳ በኋላ አማቴ ጋደም አሉ። እኔ ጓሮ ልብስ አሰጣ ነበር። ጩጬ ደረጃው ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። አልቅሷል። አልሰማሁም፤ ነፋሱ አንሶላውን እያማታው... ትልቋ ሰማች። ወንበር ላይ ወጥታ ሳጥኑን አወረደች። እጇን ታጠበች። ቁስሉን አጠበች፣ ጎዝ አደረገችበት። ሁሉንም እንዳሳየኋት። «ያመኛል» ሲላት አንድ ማንኪያ ሽሮፕ ሰጠችው። ከዚያ ደም የነካውን ቁምጣ ልታጥብለት ወጣች።

ባዶ ቅርጫቴን ይዤ ስገባ ጩጬ አልጋው አጠገብ ወለል ላይ ተዘርፍጧል። አገጩ ሮዝ ሆኖ ያጣብቃል። ሳቀልኝ።

«እንጆሪ እንጆሪ ይላል።»

አንዱ ጠርሙስ እጁ ላይ፣ ባዶ። ሌላው አልጋው ሥር ተንከባሎ ገብቷል፣ እሱም ባዶ። አንዱን እህቱ ናት ለማንኪያዋ የከፈተችው። ሁለተኛው ደግሞ ትኩሳት ሲይዘው እኔ የከፈትኩት ነው። ክዳኑን አጥብቄው ነበር? አላስታውስም። አሁንም አላስታውስም።

«ስንት ጠጣህ?»

«ብዙ።»

«ፈሷል?»

ሸሚዙን ዘርግቶ አሳየኝ። ረጥቧል። ምንጣፉም ረጥቧል። ምንጣፉ የጠጣው ስንት ነው? እሱ የጠጣው ስንት ነው?

ትልቋ እርጥብ ቁምጣ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ አመድ መሰለ። ጮህኩባት። ጮሄባት አላውቅም ነበር። «ለምን አልጠራሽኝም!»

«እንዳላስቸግርዎ ብዬ...»

አማቴ ነቅተው መጡ። «ወተት አምጪ! ጣትሽን ጉሮሮው አስገቢና አስመልሺው!» እጄ ወደ አፉ ሄዶ ነበር። ምን እንዳቆመኝ እንጃ። ለመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ደወልኩ። አነሳች።

«አታስመልሺው። ወተትም ተዪ። ጠርሙሶቹን ይዘሽ አሁኑኑ ሆስፒታል።»

«ግን እኮ ደህና ነው፣ ይስቃል...»

«ቢስቅም ሂጂ። ይሄ መድኃኒት ሲበዛ ጉበት ነው የሚጎዳው። መጀመሪያ ላይ ምንም አያሳይም።»

ምንም አያሳይም። ከዚህ የሚያስፈራ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ጎረቤታችን ጀልባ ጠጋኝ ናቸው፤ አሮጌ የጭነት መኪና አላቸው። ዘይት በነካው እጃቸው መሪውን ጨብጠው ነዱልን። ጩጬ ጭኔ ላይ። አማቴ ቤት ቀሩ፣ ትልቋ ግን ሳትጠየቅ መጥታ ጥግ ላይ ተቀመጠች። መንገዱ ሐይቁን ይዞራል ይዞራል፣ አያልቅም። ጩጬ ላሞች ሲያይ ይቆጥራል። ሦስት ሲል ልቤ፣ አራት ሲል ልቤ... ዝም ሲል ደግሞ «ቁጠር!» እለዋለሁ። «ለምን?» «ዝም ብለህ ቁጠር!» ሆዱን በመዳፌ እየዳበስኩ፣ እዚህ ጋ ነው ጉበት? በየት በኩል ነው? ማወቅ ነበረብኝ። ፋሻ ስገዛ ጉበት የት እንዳለ እንኳ ሳላውቅ...

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ጠርሙሶቹን ተቀበለችኝ።

«እናቱ ነሽ?»

«የአባቱ ባለቤት ነኝ።»

አየችኝ። ረዘም አድርጋ። ያኔ ነው ባልደረባዬ ትዝ ያለችኝ። እስከዚያ ድረስ፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አሁን መጣብኝ፣ በአንዴ።

«መድኃኒቱን ማን ሰጠው?»

የትልቋ ጥፍር መዳፌ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። መቼ እጄን እንደያዘችኝ እንኳ አላወቅሁም። ለነርሷ የጠጣበትን ሰዓት፣ የፈሰሰውን፣ አንዱ ጠርሙስ ቀድሞ ተከፍቶ እንደነበር፣ ሁሉንም እውነቱን ነገርኳት። ማን ለሚለው ግን...

«እኔ ነኝ። ሳጥኑን በደንብ ያላስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ነርሷ ጻፈች። የጻፈችውን አላየሁም።

በውሃ የተበጠበጠ ጥቁር የከሰል ዱቄት አጠጡት። አልጠጣም ብሎ ተንፈራገጠ፤ ሁለት ሆነን ይዘን። ጥርሱ፣ ምላሱ፣ ትራሱ ሁሉ ጠቆረ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። ደሙ አሁን ቢወሰድ ትክክሉን አይነግረንም፣ ከጠጣ አራት ሰዓት ያህል ማለፍ አለበት፣ ከዚያ እናያለን አለኝ።

«ካየን በኋላስ?»

«ካየን በኋላ እናወራለን።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ጩጬ ጥቁር ምላሱን በመስኮቱ መስታወት እያየ ይስቃል። እያንዳንዱ ሳቁ ይወጋኛል። ትልቋ መሬት መሬት እያየች በሹክሹክታ፣

«አንቺ አይደለሽም እኮ የከፈትሽው።»

«ዝም በዪ አሁን።»

«ይሞታል?»

«አይሞትም።»

«ስለ እናቴም እንዲህ ነው ያሉኝ።»

አቀፍኳት። እንጨት ሆነች በእቅፌ። ቆይታ ግን ክብደቷን በሙሉ ጣለችብኝ፣ ክንዴ እስኪደነዝዝ። አላንቀሳቀስኩትም።

አንቺ አለችኝ። አሁን ስጽፈው ነው ያስተዋልኩት።

ሐምሌ 6፣ ከሰዓት

ደሙን የወሰዱት ትናንት ምሽት ነበር። ሐኪሙ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ከእግሩ አረማመድ ላነብ ሞከርኩ። ከአረማመድ ምን ይነበባል? «ከሚያሰጋው መጠን በታች ነው» አለ። በታች። ደግመህ በልልኝ ልል ስል ደግመሽ በይልኝ አልኩት፣ አፌ ተሳክሮ። ደገመልኝ። አብዛኛው ምንጣፉ ላይ ሳይፈስ አልቀረም፣ ቶሎ መምጣታችሁም ጥሩ ነው አለ። ለጥንቃቄ አሳደሩን፣ ዛሬ ጠዋት ደግመው ለኩ፤ ጉበቱ ደህና ነው።

ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ያቺው ነርስ ውሃ አመጣችልኝ። ጫማዬን ገልብጬ ማድረጌን በጣቷ አሳየችኝ። ግራው በቀኝ።

ለባሌ ደወልኩ። ትናንት ሊያነሳ አልቻለም፣ ተርባይኑ ክፍል ስልክ አይሰራም። ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ «እንዴት ልጅ የሚደርስበት ቦታ ትተዪዋለሽ?» አለኝ።

አልመለስኩለትም። ትልቋ ስልኩ አጠገብ ነበረች።

ሐምሌ 8

ትናንት ከሆስፒታል ወደ አማቴ ቤት ተመለስን። ዛሬ ባሌ መጣ። ፈቃድ ለምኖ ነው። መጀመሪያ ጩጬን አገላብጦ አሸተተው፤ ሽታው ውስጥ ጉበቱ የሚታወቅ ይመስል። ከዚያ እኔን አየኝ። የሚናገረውን ሲፈልግ ትልቋ መሀላችን ገብታ ቆመች።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ። ሽሮፑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እሷ ለነርሷ እኔ ነኝ ብላ ዋሸች።»

አማቴ ጎናቸውን ይዘው ወንበር ፈለጉ። አባቷ ተንበርክኮ ሊያቅፋት ሲል «አትቆጣትም?» አለችው። «ማንን?» «እሷን።» «አልቆጣም።» ያን ጊዜ ነው ለመታቀፍ የፈቀደችው። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ማልቀስ አቃተኝ፣ ወጥ ላማስል ገባሁ።

ኋላ ውጭ ብቻችንን ሆነን ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ «ዕቃችሁን ሰብስቡ፣ ይብቃ፣ ነገ አብረን እንመለስ» አለ።

ከዚህ ቤት ለመውጣት ከእኔ በላይ የጓጓ ሰው አልነበረም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ግን «አንመለስም» አልኩት። ራሴን ሰማሁት። «አሁን ከወሰድናት ልጅቷ ጥፋቷ ሁላችንንም ያባረረን ይመስላታል። ዕድሜ ልኳን።»

«አትፈሪም?»

«እፈራለሁ እንጂ።»

ማታ ለሳጥኑ ቁልፍ ገጠመለት። አንድ ጠርሙስ ሽሮፕ ብቻ ነው ያለው፣ ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት የገዛነው። ነገ ጠዋት ተመልሶ ይሄዳል።

ሐምሌ 11

ትልቋ ሳጥኑ ያለበት ክፍል አትገባም። ዛሬ ጣቷን ቆርጣ በጨርቅ ጠቅልላ ደብቃኝ አገኘኋት። ቁልፉን ሰጠኋት፣ «ነይ አብረን እናሽገው» አልኩ። ፕላስተሩ ጠማማ ሆኖ ተለጠፈ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ ነበር... ፈርቼ ነው።»

«እኔም እፈራለሁ። ፈርተሽም ቢሆን ጥሪኝ።»

ሐምሌ 15

ዛሬ ከትልቋ ጋር ተጣላን። እውነተኛ ጠብ።

የጀልባ ጠጋኙ የልጅ ልጆች ውሃው መሀል እስከታሰረችው ጀልባ ይዋኛሉ። አብሬ ልሂድ አለች። አይሆንም አልኩ። አያቴ ፈቅዳለች አለች። እኔ አልፈቀድኩም አልኩ። ለምን? ሩቅ ነው። አይደለም! ነው!

«አንቺ ሁሉንም ነገር ትፈሪያለሽ! ፈሪ ነሽ! ከአንቺ ጋር ክረምት አስጠሊታ ነው!» በሩን ድርግም። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ጩጬ ዳቦውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ፈዞ ቀረ።

እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ቀረሁ። አበላሸሁት አልኩ፣ አለቀ። አማቴ ድንች እየላጡ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የሚያለቅሱ መስሎኝ... እየሳቁ ነው።

«ምን ያስቅዎታል?»

«ዓመት ሙሉ እሺ፣ እሺ ስትልሽ እኔ ነበርኩ የምጨነቀው። ከእንግዳ ጋር ማን ይጣላል ልጄ?»

ከሰዓት ጀልባ ጠጋኙን ጠየቅኋቸው። ነገ በጀልባ ከጎኗ ይቀዝፋሉ፣ እኔም ጀልባው ላይ እሆናለሁ። መዋኘት እንደማልችል አልነገርኳቸውም። ውሃው ጥቁር ነው መሀሉ ላይ... ምን ያህል ጥልቅ ነው? አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቅ አልወጣም።

በሩ ላይ ሆኜ ነገርኳት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወጣች። አላየችኝም። እኔ የተቀመጥኩበት ደረጃ ላይ፣ ከእኔ ዝቅ ብላ ቁጭ አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ከዚያ የጸጉር ላስቲኳን በትከሻዋ ላይ አሻግራ ዘረጋችልኝ። ተቀበልኳት። ጸጉሯ ከጠዋቱ ዋና የተረፈ አሸዋ አለበት። በጣቴ አበጥሬ ሰበሰብኩት።

«ጠበቅ አድርጊው» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።